የሐኪም ቀጠሮ እና የሕመም ፈቃድ አንድ ናቸው?

«ነገ የጥርስ ቀጠሮ አለኝ» ስትሉ «ከዓመት ፈቃድ ይቀነሳል» ተብላችሁ ታውቁ ይሆናል። ያናድዳል። ግን አለቃው ሕግ ጥሷል ማለት ላይሆን ይችላል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሕመም ፈቃድ የሚሰጠው ታሞ መሥራት ላልቻለ ሠራተኛ ነው፤ ያውም የሙከራ ጊዜውን ለጨረሰ። ለቀጠሮ ብቻ ተብሎ ለሁሉም የተደነገገ ፈቃድ የለም። ስለዚህ ወሳኟ ወረቀት የቀጠሮ ካርዷ ሳትሆን ሐኪሙ «እረፍት ያስፈልገዋል» ብሎ ፈርሞ ማህተም ያረፈባት ናት። እሷ ካለች የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደመወዝ ይከፈላል። ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ ያለ ክፍያ። ስድስቱ ወር የሚታሰበው በ12 ወር ውስጥ ነው፤ አንዴም ተወሰደ ተቆራርጦ። መቅረታችሁን ደግሞ በማግስቱ አሳውቁ፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

ነፍሰ ጡር ግን ሌላ ናት። ለእርግዝና ምርመራ የምትሄድበት ጊዜ ከነደመወዙ ፈቃዷ ነው። አሠሪው ሊጠይቃት የሚችለው መመርመሯን የሚያሳይ የሐኪም ማስረጃ ነው። ይህ ከ120 ቀኑ የወሊድ ፈቃድ የተለየ መብት ነው።

መሥሪያ ቤታችሁ የኅብረት ስምምነት (የሠራተኛ ማኅበሩና አሠሪው የተፈራረሙት ውል) ካለው መጀመሪያ እሱን ግለጡ፤ ከአዋጁ የተሻለ ሊሰጥ ይችላል። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት ግን በሌላ ሕግ ነው።