ማግኔትና ኤሌክትሪክ፦ ከመገጭ ውሃ እስከ ቤት ቆጣሪ

ማግኔትና ኤሌክትሪክ ለብዙ ዘመን በየፊናቸው ሲጠኑ ቆይተው በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የአንድ ኃይል ሁለት ገጽታዎች መሆናቸው የተረጋገጠ ክስተቶች ናቸው። ይህ ዳሰሳ የሁለቱን ዝምድና፣ እንዲሁም መግነጢሳዊ መስክ (የማግኔት ኃይል የሚደርስበት ዙሪያ) በእንጨት፣ በሸክላ፣ በድንጋይና በብረት ውስጥ ሲያልፍ የሚሆነውን ይመለከታል። ምሳሌዎቹም የጎንደር ሰው በየቤቱና በየደጁ ከሚያገኛቸው ዕቃዎች የተወሰዱ ናቸው።

ብረት የሚስበው ድንጋይ ከ2,000 ዓመታት በፊትም ይታወቅ ነበር። ከኤሌክትሪክ ጋር ያለው ዝምድና የተገለጠው ግን እ.ኤ.አ. በ1820 ሲሆን፣ የዴንማርኩ ሃንስ ክርስቲያን ኤርስቴድ ኮረንቲ የሚያልፍበት ሽቦ በአጠገቡ ያለችውን የኮምፓስ መርፌ ከአቅጣጫዋ እንደሚያዞራት አሳየ። ጣሊያናዊው ሮማኞሲ በ1802 ቀድሞታል የሚሉ አሉ፤ ሙከራው አንድ ዓይነት ስለመሆኑ ግን ብዙዎች ይጠራጠራሉ። በ1831 እንግሊዛዊው ማይክል ፋራዴይ በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት የሽቦ ጥቅልሎችን ጠመጠመ። አንዱን ከባትሪ ጋር ባገናኘና ባቋረጠ ቁጥር በሁለተኛው ጥቅልል ላይ ለቅጽበት ኮረንቲ ታየ፤ በመካከሉ፣ ባትሪው ተገናኝቶ ባለበት ጊዜ ሁሉ፣ ምንም አልነበረም። የዚህ ሙከራ ትርጉም ታላቅ ነው፤ ማግኔት ኮረንቲ የሚያስነሳው በመኖሩ ሳይሆን መስኩ ሲለዋወጥ ነው። አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪም በዚያው ሰሞን ለብቻው ወደዚሁ ደርሷል፤ ውጤቱን ቀድሞ ያሳተመው ግን ፋራዴይ ነው።

የኃይል ማመንጫዎች በዚሁ ሕግ ይሠራሉ። ከጎንደር አካባቢ የሚወርደው የመገጭ ወንዝ ጣና ሐይቅ ይገባል፤ ከሐይቁ በዋሻ የሚወሰደው ውሃ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2010 የተመረቀውን፣ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለውን የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ጣቢያ ተርባይኖች (በውሃ ግፊት የሚሽከረከሩ መዘውሮች) ያዞራል። ተርባይኑ ማግኔቱን ያሽከረክራል፣ የማግኔቱ መስክ በዙሪያው ባሉት የመዳብ ጥቅልሎች ውስጥ ያለማቋረጥ ይለዋወጣል፣ ኮረንቲም ይነሳል። የአገራችን ውሃ በዚህ መንገድ ብርሃን ሆኖ ከብሔራዊው የኤሌክትሪክ መረብ ጋር ይቀላቀላል።

ስለ ዕቃዎች ሲነሳ ማግኔቱን ከመስኩ መለየት ያስፈልጋል፤ በግድግዳ ውስጥ የሚያልፈው መስኩ ነው። እንጨት፣ ወረቀት፣ ጨርቅ፣ መስታወት፣ ፕላስቲክና ሸክላ መስኩን ከሞላ ጎደል እንደ አየር ያሳልፉታል። በጀበና ውስጥ የወደቀን መርፌ በውጭ በኩል በያዙት ጠንካራ ማግኔት መጎተት የሚቻለውም ለዚህ ነው። ከጭቃ ግድግዳ ማዶ ማግኔቱ የሚደክመው ጭቃው ስለከለከለው ሳይሆን ስለራቀ ነው፤ ከማግኔቱ መጠን ጋር ሲነጻጸር ሰፊ በሆነ ርቀት ላይ፣ ርቀቱ እጥፍ በሆነ ቁጥር መስኩ ወደ አንድ ስምንተኛ ያህል ይወርዳል። ከመዳብ፣ ከናስ ወይም ከብር በተሠራ ጸናጽል ላይም ማግኔት አይጣበቅም። ብረት ግን ሌላ ነው፤ መስኩን ወደ ራሱ ይሰበስባል። ስለዚህ ወፍራም የብረት ሳጥን በውስጡ ያለውን ዕቃ ከማግኔት ሲጋርድ፣ ስስ የጣሪያ ቆርቆሮ ጠንካራ ማግኔትን ሙሉ በሙሉ አያግድም።

አሉሚኒየም የተለየ ትኩረት ይገባዋል። ማግኔት አይስበውም፤ የሚለዋወጥ መስክ ሲነካው ግን በውስጡ አዙሪት ኮረንቲ፣ ማለትም እየተሽከረከረ የሚፈስ ኮረንቲ፣ ይነሳል። ይህን ለማየት ባለ ዲስኩን የቤት ቆጣሪ መመልከት ይበቃል። ከመስታወቱ ጀርባ የሚዞረው ስስ ዲስክ አሉሚኒየም ነው፤ ከላይና ከታች ያሉት ጥቅልሎች ምንም ሳይነኩት በመስካቸው ያዞሩታል፣ በጎኑ ያለው ቋሚ ማግኔት ደግሞ ፍጥነቱን ይገታል። የእንጀራ ምጣዱ ሲሰካ ዲስኩ ይፈጥናል፣ ሲነቀል ወዲያው ይዝላል፤ የመግቻው ማግኔት ባይኖር ኖሮ የዲስኩ ፍጥነት ከኃይል ፍጆታው ጋር አይመጣጠንም ነበር። የኢንዳክሽን ምድጃም በአዙሪት ኮረንቲ ስለሚሠራ ሸክላ ድስት በላዩ ቢጣድ አይሞቅም፤ የብረት ድስት ግን ራሱ ይግላል። የኤሌክትሪክ ምጣድ በአንጻሩ የሚሞቀው ከሸክላው ሥር በተዘረጋው ሽቦ በመሆኑ ሸክላው አያውከውም።

የፋሲል ግንብን ጨምሮ የከተማይቱ ጥንታውያን ግንቦች ከባዝልት ድንጋይና ከኖራ የታነጹ ናቸው። ባዝልት ማግኔታይት የተባለ የብረት ማዕድን ቅንጣቶችን ይይዛል፤ ከእሳተ ገሞራ ቅላጭ ሲቀዘቅዝም በዘመኑ የነበረውን የምድር መስክ አቅጣጫ በውስጡ ያትማል። ግድግዳው የማግኔትን መስክ ለማገድ የሚያበቃ ብረት የለውም፤ በአጠገቡ የተያዘ የኮምፓስ መርፌን ግን በመጠኑ ሊያዛባ ይችላል። በግንቡ አካባቢ አቅጣጫ የሚለካ ሰው ከግድግዳው ጥቂት ሜትሮች ርቆ ቢለካና ከሌላ ቦታ ደግሞ ቢያመሳክር ንባቡ ይበልጥ የታመነ ይሆናል።