የሆርሞን ተቀባይ ምንድን ነው? የጨጓራ ካንሰር ውስጥስ ምን ይሠራል?

የሆርሞን ተቀባይ ሲባል ለብዙ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት የጡት ካንሰር ነው። ልክም ነው። የጡት ካንሰር ሲገኝ ሐኪሞች ቶሎ ከሚያጣሯቸው ነገሮች አንዱ «ተቀባይ አለው ወይስ የለውም?» የሚለው ነው፤ መድኃኒቱን የሚወስነውም መልሱ ነው። ታዲያ ያው ቃል የጨጓራ ናሙና ውጤት ላይ ሲመጣ ሰው ግራ ይገባዋል። ጨጓራንና የሴት ሆርሞንን ምን አገናኛቸው? ይገናኛሉ። ግንኙነታቸው ግን ጡት ላይ እንደምናውቀው አይደለም፣ እና ይሄን ልዩነት ሳያውቁ የማይረዳ መድኃኒት ላይ ተስፋ መጣል በጣም ያሳዝናል።

ከመነሻው እንጀምር። ሆርሞን በደም ተጉዞ የትም ይደርሳል። የደረሰበት ሴል ሁሉ ግን አይሰማውም። የሚሰማው ለዚያ ሆርሞን የሚሆን ፕሮቲን ያለው ሴል ብቻ ነው። ተቀባይ ወይም ሪሴፕተር የምንለው ይሄንን ፕሮቲን ነው። ዋናው የሴት ሆርሞን ኤስትሮጅን ትንሽ ሞለኪውል ስለሆነ የሴሉን ሽፋን አልፎ ይገባል፣ ውስጥ የሚጠብቀውን ተቀባይ ያገኛል፣ ከዚያ ሁለቱ ተጣምረው ዲኤንኤው ላይ ያርፉና አንዳንዱን ጂን ያስነሳሉ፣ አንዳንዱን ያስተኛሉ። ይሄን መጀመሪያ ያሳየው አሜሪካዊው ኬሚስት ኤልዉድ ጄንሰን ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ ሬዲዮአክቲቭ ምልክት ያደረገበትን ኤስትሮጅን ለአይጦች ሰጠ፤ ሆርሞኑ ሌላ ቦታ አልፎ ሲሄድ ማህፀን ውስጥ ግን ተይዞ ሲቀር አየ። የያዘው ነገር ተቀባዩ ነበር።

ለረጅም ጊዜ የኤስትሮጅን ተቀባይ አንድ ብቻ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 የስዊድን ተመራማሪዎች ሁለተኛውን አገኙ። የመጀመሪያው አልፋ፣ ሁለተኛው ቤታ ተባሉ። ለጨጓራ ነገሩ የሚከፈተው እዚህ ላይ ነው፤ ጤነኛ የጨጓራ ሽፋን ላይ በብዛት የሚገኘው ቤታ ነው። የጡት ካንሰር ላይ የሚመረመረው አልፋ ደግሞ እዚያ በጣም ትንሽ ነው። የፕሮጄስትሮንና የወንዴው ሆርሞን ተቀባዮችም በአንዳንድ የጨጓራ ዕጢዎች ላይ ይታያሉ፤ ብዙ የተጠናው ግን ኤስትሮጅን ነው።

ተመራማሪዎች ጨጓራ ላይ ሆርሞን መፈለግ የጀመሩት ዝም ብለው አይደለም። የጨጓራ ካንሰር ወንዶችን ከሴቶች ሁለት እጥፍ ገደማ ያጠቃል። በዓለም ደረጃ ስናየው ትንሽ ቁጥር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ 970 ሺህ ገደማ ሰው በሽታው እንዳለበት ታውቋል፣ 660 ሺህ ገደማ ሰው ሞቶበታል። «ወንዶች ስለሚያጨሱና ስለሚጠጡ ነው» ይባላል። በከፊል እውነት ነው፤ ግን ጠቅላላውን አይሸፍንም። ምክንያቱም ልዩነቱ ከዕድሜ ጋር ይቀያየራል። ሴቶች ላይ በሽታው መብዛት የሚጀምረው ከወንዶቹ ከአሥር ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው፣ ካረጡ በኋላ ደግሞ ክፍተቱ ቀስ በቀስ ይጠባል። የወር አበባ ያየችባቸው ዓመታት የረዘሙላት ሴት አደጋዋ ዝቅ ይላል። ካረጡ በኋላ የሆርሞን ምትክ የወሰዱ ሴቶች ላይም ዝቅ ብሎ ታይቷል። እኔን ከሁሉም የገረመኝ ግን የወንዶቹ ነገር ነው፤ ለፕሮስቴት ካንሰር ኤስትሮጅን ይሰጣቸው የነበሩ ስዊድናውያን ወንዶች ሲጠኑ የጨጓራ ካንሰር ያገኛቸው ከሚጠበቀው ያነሱ ሆነው ተገኙ።

የአይጥ ሙከራውም ወደዚያው ይጠቁማል። ለጨጓራ ካንሰር የተጋለጡ አይጦች ኤች ፓይሎሪ በተባለው ባክቴሪያ እንዲያዙ ሲደረግ ወንዶቹ ቶሎ ይታመማሉ። የሴቶቹ እንቁልጢ ወጥቶ ኤስትሮጅናቸው ሲቋረጥ መከላከያቸው ይቀንሳል። ሆርሞኑ ሲመለስላቸው ጉዳቱ ይቀላል። ኤች ፓይሎሪ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ ካንሰር አምጪ ተብሎ የተመዘገበ ነው፤ ሽፋኑን ለብዙ ዓመታት ያስቆጣዋል፣ ያሳሳዋል፣ በኋላም የአንጀት ሽፋን እስኪመስል ይለውጠዋል፣ ከዚያ ካንሰሩ ይመጣል። ኤስትሮጅን የሚያግዘው ቁጣውን በማብረድ ይመስላል።

እስካሁን ስታነቡ ኤስትሮጅን ጠባቂ ነው ብላችሁ ደምድማችሁ ይሆናል። ቆይ፣ አትቸኩሉ። ይሄ የሚሠራው በአብዛኛው አንጀት መሰል ለሚባለው ዓይነት ነው። የፊንላንዱ ፓቶሎጂስት (ናሙናን በማይክሮስኮፕ የሚመረምር ሐኪም) ፔካ ላውረን እ.ኤ.አ. በ1965 የጨጓራ ካንሰርን ሁለት ቦታ ከፍሎታል፤ አንጀት መሰሉና ሥርጩ። ሥርጭ የሚባለው ሴሎቹ ተበታትነው በግድግዳው ውስጥ የሚሰርጉበት ነው። እሱ ወጣቶችንና ሴቶችን አይምርም፤ የወንድና የሴት ክፍተትም እዚያ ብዙ የለም። በዚያ ላይ አልፋ 36 የሚባል አጭር የአልፋ ዝርያ አለ። ይሄኛው የሴሉ ሽፋን አካባቢ ተቀምጦ፣ በላቦራቶሪ እንደታየው፣ የጨጓራ ካንሰር ሴሎች እንዲባዙ ይገፋል። ቤታ ደግሞ በብዙ ጥናቶች ዕጢው ሲከፋ እየቀነሰ ይሄዳል። ሆርሞኑ ያው ነው፤ ውጤቱን የሚለውጠው የተቀበለው ማን ነው የሚለው ነው። ስለዚህ «ኤስትሮጅን ለጨጓራ ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ በደፈናው መጠየቅ የትም አያደርስም።

ታዲያ ሕክምናስ? የጡት ካንሰር ላይ ኤስትሮጅንን የሚያግደው ታሞክሲፌን ለጨጓራ ካንሰርም ተሞክሯል። በሽተኞች በዕጣ ተከፍለው ሲሞከር ዕድሜ አላራዘመም። ዛሬ ሆርሞን የሚያግድ መድኃኒት የጨጓራ ካንሰር መደበኛ ሕክምና ውስጥ የለም። ስለዚህ የጨጓራ ናሙናችሁ «ኤስትሮጅን ተቀባይ የለውም» ቢል አትደንግጡ። ጡት ላይ አንድ የሕክምና በር ተዘጋ ማለት ነው፤ ጨጓራ ላይ ግን መጀመሪያውኑ በሩ አልነበረም።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ኸር 2 የሚባለው ሌላ ነው! ጡት ላይ ሁለቱ አብረው ስለሚመረመሩ ሰው ኸር 2ንም የሆርሞን ተቀባይ ያደርገዋል። አይደለም፤ ሴል ላይ የሚቀመጥ የዕድገት ምልክት ተቀባይ ነው። ጨጓራ ላይ ኸር 2 ትልቅ ትርጉም አለው። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ቶጋ የተባለው ጥናት ዕጢያቸው ላይ ኸር 2 የበዛባቸው ሰዎች ላይ ኸር 2ን የሚያግደው ትራስቱዙማብ የተባለ መድኃኒት ከኬሞ ጋር ሲጨመር መካከለኛው የመኖር ጊዜ ከ11.1 ወር ወደ 13.8 ወር ከፍ ማለቱን አሳይቷል። የተስፋፋ የጨጓራ ካንሰር ያለበት ሰው ሐኪሙን «ኸር 2 ተሠርቷል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ ተገቢ ጥያቄ ነው። ፒዲኤል 1፣ ማይክሮሳተላይትና ክላውዲን 18.2 የተባሉት ሌሎች የዕጢ ምርመራዎችም እንደዚሁ መድኃኒት የሚያስመርጡ ናቸው።

እና ፓቶሎጂስቶች ለምን ጨጓራ ላይ የኤስትሮጅን ተቀባይ ይመረምራሉ? ብዙ ጊዜ ጥያቄው «ይሄ ካንሰር ከየት መጣ?» የሚል ስለሆነ ነው። ሎቡላር የሚባለው የጡት ካንሰር ጨጓራ ውስጥ መሰራጨት ይወዳል፣ አንዳንዴም ጡቱ ከታከመ ከብዙ ዓመት በኋላ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከሥርጩ የጨጓራ ካንሰር ጋር ቁርጥ አንድ ነው፤ ነጠላ ነጠላ ሴሎች፣ ኒውክሊየሳቸው በውስጣቸው በተጠራቀመው ነገር ወደ ዳር የተገፋ። ሁለቱም ሴሎችን እርስ በርስ የሚያያይዘውን ኢ ካድሄሪን የተባለ ፕሮቲን ብዙ ጊዜ አጥተዋል። ስለዚህ ከናሙናው ስስ ቅጠል ይቆረጣል፣ ተቀባዩን ፈልጎ የሚይዝ አንቲቦዲ ይፈስበታል፣ ቀለም ይጨመራል። ኒውክሊየሶቹ ቡናማ ከሆኑ ፓቶሎጂስቱ ዓይኑን ወደ ጡት ያዞራል፤ ጡትን የሚጠቁመውን ጋታ 3 የተባለ ፕሮቲንም ጨምሮ ያያል። ልዩነቱ የሕክምና ለውጥ ነው፤ ከጡት የመጣ ከሆነ ሆርሞን የሚያግድ ክኒን ሊረዳ ይችላል፣ ጨጓራን ቆርጦ ማውጣት ደግሞ በአብዛኛው ትርጉም አይኖረውም።

ግን ቡናማ ቀለም ብቻውን አይፈርድም። አንዳንድ እዚያው ጨጓራ ላይ የተነሱ ዕጢዎችም ተቀባዩን ሊያሳዩ ይችላሉ። ከዚህ የሚከብደው ደግሞ በዘር የሚወረሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 ኒውዚላንድ ውስጥ በማኦሪ (የአገሩ ነባር ሕዝብ) ቤተሰብ ላይ የተገኘው፣ ኢ ካድሄሪንን የሚያሠራው የሲዲኤች 1 ጂን ጉዳት ሥርጭ የጨጓራ ካንሰር ያመጣል፤ ሴቶች ላይ ደግሞ ያንኑ ሎቡላር የጡት ካንሰር። አንዲት ሴት ሁለቱም ለየብቻ ሊነሱባት ይችላሉ ማለት ነው። ለዚህ ነው የድሮው የጡት ናሙና ተፈልጎ ከአዲሱ ጋር ጎን ለጎን የሚታየው። ኢንዶስኮፒ (ጨጓራን በካሜራ ማየት) የሚደረግላት ሴት፣ ጡቷ ከታከመ አሥራ አምስት ዓመት ቢሆነውም፣ ለሐኪሟ ትንገረው። የመመርመሪያው ወረቀት ላይ ካልተጻፈ ፓቶሎጂስቱ ጡትን የሚያስብበት ምክንያት የለውም።