እግዚኦ እያሉ መቁጠር፦ የጳውሎስ መርከብና የነሐሴ መብረቅ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ቤተ ክርስቲያናችን ዘመነ ክረምትን ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ትቆጥራለች። በመካከሉ ከሐምሌ 19 እስከ ነሐሴ 9 ያለው ክፍል «መብረቅ፣ ነጎድጓድ፣ ባሕር፣ አፍላግ፣ ጠል» ይባላል። ስሙ ለዜማ ማሳመሪያ እንዳልተሰጠ የመንዝ፣ የተጉለትና የጣርማበር ምእመን ምስክር ነው። ጠዋት ፀሐይ ያሞቀው እርጥብ አየር ከቆላው ገደሉን ይዞ ይወጣል፤ ከቀትር በኋላ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይጮኻል።

«ቀኑ ካልደረሰ መብረቅ አይመታም» የሚል ወንድም በየመንደሩ አይጠፋም። አነጋገሩ እምነት ይመስላል። ነገር ግን ዲያብሎስ ጌታን በቤተ መቅደስ ጫፍ ላይ አቁሞ የጠቀሰውም የመዝሙር ቃል ነበር፦ መላእክት በእጃቸው ያነሡሃልና ራስህን ወደ ታች ወርውር። የጌታ መልስ «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» ሆነ (ማቴ. 4፥7)። በነጎድጓድ መካከል በጉብታ ላይ በሬ ጠምዶ የሚያርስ ሰው ጥቅሱን ያላወቀ ይምሰለው እንጂ ከዚያው ጫፍ ላይ ቆሟል።

የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 27ን ዛሬ ማታ ቀስ ብላችሁ አንብቡት። በመርከቡ 276 ነፍስ አለ። አውራቂስ የሚሉት ዐውሎ ነፋስ ይዟቸዋል። መርከበኞቹ መርከቡን በገመድ አስታጠቁት፤ በማግሥቱ ጭነቱን ጣሉ፤ በሦስተኛው ቀን የመርከቡን ዕቃ በእጃቸው ወረወሩ። ከዚህ በኋላ መልአኩ ጳውሎስን አትፍራ አለው፤ ከእነርሱ አንድ ነፍስ እንኳ እንደማይጠፋ ተነገረው። ሥራው ግን ቀጠለ። በአሥራ አራተኛው ሌሊት የውኃውን ጥልቀት ለኩ፤ በሁለት እጅ ዝርጋታ ልክ ሃያ አገኙ፣ ጥቂት ሄደው አሥራ አምስት አገኙ፤ ድንጋያማ ስፍራ እንዳይወድቁ ፈርተው ከመርከቡ ኋላ አራት መልሕቅ ጣሉ። መርከበኞቹ በታንኳ ሾልከው ሊያመልጡ ሲሉ፣ እነዚህ በመርከቡ ካልቆዩ እናንተም አትድኑም ብሎ ለመቶ አለቃው የነገረው ያንኑ ተስፋ የተቀበለው ጳውሎስ ነው። ተስፋው የተፈጸመው ገመድና መልሕቅ በሚያውቁ እጆች በኩል ነው።

በእኛ አገር እንዲህ ገመድና መልሕቅ የሚያስፈልግበት የአደጋ ሰዓት የቱ ነው? በጾመ ፍልሰታ ከቅዳሜና እሑድ በቀር ቅዳሴ የሚወጣው ከቀትር በኋላ ነው፤ በብዙ አጥቢያ ወደ 9 ሰዓት ይጠጋል። ነጎድጓዱም የሚበረታው በዚያው ሰዓት ነው። እናት የቆረበ ልጇን አዝላ፣ በነጠላ ሸፍና፣ ጃንጥላ ዘርግታ ከኮረብታው ትወርዳለች። በሜዳው ላይ ከሁሉ የሚረዝመው ያ ጃንጥላ ነው።

ስለዚህ መቁጠርን እንልመድ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ብልጭታውን እንዳያችሁ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» እያላችሁ በጣት አንጓ ቁጠሩ፤ ረጋ ብሎ ሲባል አንዱ ወደ 3 ሰከንድ ይሆናል። አሥረኛው ሳይደርስ ከጮኸ መብረቁ በ10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፤ ቀጣዩ በራሳችሁ ላይ ሊወርድ ይችላልና ግቡ። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጡ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ዝናቡ ሲያባራ ያለፈ ይመስለዋል፣ መብረቅ ግን ዝናቡን ቀድሞም ተከትሎም ይወርዳል።

የት ይገባ? ቆርቆሮ ጣሪያ ያለው መኪና መስኮቱ ተዘግቶ ጥሩ መጠለያ ነው። የሣር ክዳን ቤት ከሜዳ ይሻላል እንጂ መብረቅ አያስቆምም፤ ከምሰሶውና ከግድግዳው ራቅ ብሎ መሐል ላይ በዱካ መቀመጥ ነው። በቅጽሩ ያለው ረጅም ጥድ ግን ከሁሉ የከፋ ነው። መብረቁ ግንዱን ይዞ ሲወርድ ከግንዱ ወደ ሰው ይዘላል፤ የቀረው በሥሩ በኩል በመሬት ላይ ይሰራጫል። በዛፍ ሥር የተጠለለ የከብት መንጋ አንድ ላይ የሚያልቀው ለዚህ ነው፤ የላሟ የፊት እግርና የኋላ እግር ስለሚራራቁ መሬቱን ይዞ የመጣው ኤሌክትሪክ በአንዱ ገብቶ በሌላው ሲወጣ ልብን ያቋርጣል። እረኛ ልጆች ሜዳ ላይ ከተያዙ ዶማውን፣ ጃንጥላውን ጥለው ዝቅ ወዳለ ቦታ ይውረዱ፤ ውኃ የሚወርድበት ቦይ ግን አይሁን። ተረከዝ ከተረከዝ ገጥሞ፣ ጉልበት ታቅፎ ቁጢጥ ማለት ነው። መሬት ላይ መተኛት አይገባም። ተቃቅፎ መቀመጥም አይገባም፤ እርስ በርስ ሃያ ሠላሳ እርምጃ ይራራቁ። ይህ የመጨረሻ አማራጭ ነው፤ ሜዳ ላይ ቁጢጥ ያለ ሰው ቤት የገባን አያህልም።

ቀይ ልብስ መብረቅ ይጠራል የሚባለው ልማድ ነው። መብረቅ ከፍታን እንጂ ቀለምን አይመርጥም።

ለሰበካ ጉባኤ አባላት አንድ ነገር፦ ቤተ ክርስቲያን ብዙውን ጊዜ በኮረብታ ላይ ናት፤ በጉልላቷም የብረት መስቀል አለ። ከመስቀሉ አናት ጀምሮ በውጭ ግድግዳ ወርዶ መሬት ውስጥ ከተቀበረ ዘንግ ጋር የሚገናኝ ወፍራም የመዳብ ሽቦ ከሌለ መብረቁ መንገዱን በሕንፃው ውስጥ፣ በመብራት መስመር በኩል ይፈልጋል። ነጎድጓድ ሲቀርብ ሞንታርቦውና ማይክራፎኑ ከሶኬት ይነቀሉ፤ ሰባኪው ሽቦ ያለው ማይክ ይዞ መቆም የለበትም። ስብከቱ ያለ ማይክ ቢሆን ምን ይጎድለዋል? አንዳንዴም ያጥራል።

መብረቅ የመታውን ሰው መንካት የሚያስፈራቸው አሉ። በተመታው ሰው ገላ ላይ የሚቀር ኤሌክትሪክ የለም፤ ወዲያው ንኩት። ብዙ ሰው አንድ ላይ ከተመታ የሚያቃስተው ይተነፍሳልና ይቆይ፤ ዝም ያለውን፣ የሞተ የሚመስለውን አስቀድሙ። ትንፋሽ ከሌለው በጀርባው አስተኝታችሁ፣ ሁለት እጅ ደራርባችሁ፣ ደረቱን መሐል ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እስኪሰምጥ፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ ተጫኑ፤ እየተፈራረቃችሁ፣ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ እየላካችሁ። «ምን ኃጢአት ቢሠራ ነው» የሚለውን ወሬ ደግሞ ጌታ በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች በተናገረው ዝም አሰኙት፤ በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ሁሉ ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ ተናግሯል (ሉቃ. 13፥4)።

መርከቡን በገመድ እንዳስታጠቁት ጣሪያም የሚታሰረው ነፋሱ ሳይመጣ ነው። ቆርቆሮን የሚገነጥለው ከላይ የሚጫነው ነፋስ አይደለም፤ በጠርዙ ሥር ገብቶ የሚያነሣው ነው። ስለዚህ ሚስማሩ በጠርዝና በጫፍ ይጠጋጋ፣ የጣሪያው እንጨት ከግድግዳው ቋሚ ጋር በወፍራም ሽቦ ይታሰር፣ ነፋሱ በሚመጣበት በኩል ያለው በር ይዘጋ። በጣሪያ ላይ ድንጋይ መጫን ግን ሌሊት ልጆች በተኙበት ላይ የሚወርድ ዕዳ ነው።

ወንዝን በተመለከተ ነገሩ አጭር ነው። ደጋው ላይ የዘነበው ሸዋ ሮቢት ሲደርስ ሰማዩ ጥርት ያለ ሊሆን ይችላል። ውኃው በድንገት ከደፈረሰ፣ ቅጠልና እንጨት ካመጣ፣ ከላይ ጉምጉምታ ከተሰማ ከወንዙ ወደ ዳገት ውጡ። የሚጋልብ ውኃ ጉልበት ሳይደርስ ሰው ይጥላል። ጎርፍ ይጎድላል፤ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ መጠበቅ ነው።

ከማዕበሉ የወጡት ሰዎች መጀመሪያ ያገኙት ምን ነበር? በመላጥያ ደሴት ዝናብ ስለነበረና ስለ ብርዱ የአገሩ ሰዎች እሳት አንድደው ተቀበሏቸው (የሐዋ. 28፥2)። ደብረ ብርሃንን በመሰለ ደጋ በበረዶ የተደበደበ እረኛ ከመብረቅ ተርፎ በብርድ ሊጎዳ ይችላል። እርጥቡን ልብስ ሁሉ አውልቁለት፤ ገሳው ውኃ ካሳለፈ ውስጡም ረጥቧል። በደረቅ ጋቢ ወይም በርኖስ ራሱን ጨምሮ ጠቅልሉት፤ መዋጥ ከቻለ ስኳር የበዛበት ሙቅ ሻይ ስጡት። አረቄ አይሰጠው፤ የሚሞቅ ይመስላል እንጂ የሰውነቱን ሙቀት ወደ ቆዳ አውጥቶ ያባክነዋል። ከሰል አንድዳችሁ በሩን ጥርቅም አድርጋችሁ አትዝጉ፤ ሽታ የሌለው የከሰል መርዝ እንቅልፍ አስመስሎ ይወስዳል። በጾም ላይ ያለ ሰው ከሆነ፣ ጳውሎስ ገና በመርከቡ ሳሉ፣ ሳይበሉ 14 ቀን የሰነበቱትን ለደኅንነታችሁ ነውና ብሉ ብሎ እንጀራ ቆርሶ እንደለመናቸው አስታውሱት፤ የጾሙን ነገር በኋላ ለንስሐ አባቱ ይነግራል።

እሳቱ ሲነድ ጳውሎስ ከሌሎቹ ጋር ቁጭ ብሎ አልሞቀም። ጭራሮ ሊለቅም ሄደ፤ አከማችቶም ወደ እሳቱ ጨመረ።