የኮሌጅ ፉትቦል ምልመላ፦ ኮከቡ የሚነግረንና የማይነግረን

በፈረንጆቹ ዲሴምበር መጀመሪያ ላይ አሜሪካ ውስጥ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ጠረጴዛ ይዘረጋል። የ17 እና የ18 ዓመት ልጆች ቤተሰባቸው ከጎናቸው ቆሞ፣ የመረጡትን ኮሌጅ ኮፍያ አጥልቀው የአሜሪካን ፉትቦል ሊጫወቱለት ይፈርማሉ። በአንድ ዓመት ለአንድ ኮሌጅ የሚፈርሙት ልጆች በጥቅሉ ክላስ ይባላሉ። ምልመላውን የሚከታተሉት እነ 247ስፖርትስ፣ ሪቫልስና ኢኤስፒኤን ለእያንዳንዱ ልጅ እስከ አምስት ኮከብ ይሰጣሉ፤ ከዚያም ክላሶቹን በደረጃ ይደረድራሉ። ልጆቹ ገና አንድ ጨዋታ ሳይጫወቱ «ዋንጫው የኛ ነው» የሚለውም፣ «አሠልጣኙ ይባረር» የሚለውም ይበዛል።

ኮለምበስ፣ አትላንታ ወይም ዳላስ ልጅ ያሳደገ አበሻ ይህን ክርክር ሳሎኑ ውስጥ ይሰማዋል። እኔ ክርክሩን እወደዋለሁ። ግን በየዓመቱ ተመላልሰው የሚመጡ የተሳሳቱ አመለካከቶች አሉ። አንድ በአንድ እንያቸው።

«ኮከብ ትርጉም የለውም»

ይህን የሚሉ ሰዎች ማስረጃ አያጡም። ጆሽ አለን ካሊፎርኒያ ውስጥ ፋየርቦ በምትባል የገበሬ ከተማ ነው ያደገው። ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ ከትልልቆቹ ኮሌጆች አንድም የጠራው አልነበረም። ሪድሊ የሚባል የሁለት ዓመት ኮሌጅ ገባ፤ በየኮሌጁ ላሉ አሠልጣኞች ኢሜይል ላከ፤ በመጨረሻ ዋዮሚንግ ወሰደው። የባለሙያዎቹ ሊግ ኤንኤፍኤል የኮሌጅ ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጥበት ድራፍት፣ በ2018 7ኛ ተመረጠ። በ2024 የውድድር ዘመን የኤንኤፍኤል ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ፓትሪክ ማሆምስም ባለ ሦስት ኮከብ ነበር። የኤንኤፍኤል ፍጻሜ ሱፐር ቦውል በደረሰ ቁጥር «ከቋሚዎቹ ስንቱ ባለ አምስት ኮከብ ነበር?» የሚል ዝርዝር የሚዞረውም ለዚህ ነው።

ዝርዝሩ ውሸት አይደለም። የተዘነጋው ነገር ከየት ስንት እንደመጣ ነው። ባለ አምስት ኮከብ የሚባሉት በዓመት 30 ገደማ ልጆች ብቻ ናቸው። በድራፍቱ የመጀመሪያ ዙር 32 ተጫዋቾች ስለሚመረጡ 247ስፖርትስ የባለ አምስት ኮከቦቹን ቁጥር ወደዚያ ያስጠጋዋል። ባለ አራት ኮከቦቹ ጥቂት መቶዎች ናቸው። ባለ ሦስት ኮከብ የሚባሉት ግን ከሺህ በላይ ይሆናሉ።

ለስሌት ያህል ብቻ እንዲህ እናስብ። ከ30 ባለ አምስት ኮከቦች 15ቱ ኤንኤፍኤል ገቡ። ከ1,500 ባለ ሦስት ኮከቦች ደግሞ 100 ገቡ። ሊጉን ስታየው ባለ ሦስት ኮከቡ ሞልቶታል። የአንዱን ልጅ ዕድል ስታየው ግን በአንድ በኩል ከሁለት አንድ ነው፤ በሌላ በኩል ከ15 አንድ። አሠልጣኝ ብትሆን የትኛውን ትመርጣለህ? ትክክለኛው ቁጥር ከዓመት ዓመት ይለያያል፤ አቅጣጫው ግን ሁልጊዜ ይኸው ነው። ኮከቡ ከፍ ባለ ቁጥር ልጁ የመሳካት ዕድሉ ይጨምራል።

በቡድን ደረጃም እንደዚያው ነው። ጋዜጠኛው በድ ኤልየት ያስለመደው አንድ መለኪያ አለ። ያለፉት አራት ዓመታት ፈራሚዎች ተደምረው ከግማሽ በላዩ ባለ አራትና ባለ አምስት ኮከብ ነው ወይ ብሎ ይጠይቃል። የኮከብ ደረጃው በደንብ መያዝ ከጀመረበት ጊዜ አንስቶ እስከ 2024 የውድድር ዘመን ድረስ ብሔራዊ ዋንጫ ያነሱት ሁሉ ይህን መስፈርት ያለፉ ነበሩ። በ2022 የውድድር ዘመን ቲሲዩ የተባለው የቴክሳስ ኮሌጅ መስፈርቱን ሳያልፍ ፍጻሜ ደርሶ አገሩን ሁሉ አስደነቀ። ፍጻሜው ላይ ጆርጂያ 65 ለ 7 ሸኘው። እንዲህ ያለው ልዩነት ሜዳ ላይ የሚታየው በአራተኛው ሩብ ነው ይባላል። የዚያን ዕለት ግን ከመጀመሪያው ሩብ ጀምሮ ታየ።

«በደረጃው አንደኛ የወጣው ክላስ ከሁሉም የተሻለ ነው»

ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም በ2022 ያስፈረመው ክላስ በ247ስፖርትስ ታሪክ ከፍተኛውን ነጥብ ያገኘ ነበር። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ወር ቡድኑ በሜዳው በአፓላቺያን ስቴት 17 ለ 14 ተሸነፈ። የውድድር ዘመኑን 5 አሸንፎ 7 ተሸንፎ ጨረሰ። አሠልጣኙ ጂምቦ ፊሸር በኖቬምበር 2023 ተሰናበተ፤ ለስንብቱ ኮሌጁ ከ75 ሚሊዮን ዶላር በላይ ዕዳ ገባ።

ታዲያ ደረጃ አውጪዎቹ ተሳስተው ነበር? ዋልተር ኖለንን እንይ። የዚያ ክላስ አባል ነበር። ሁለት ዓመት ተጫውቶ ወደ ኦል ሚስ ተዛወረ። በ2025 ድራፍት የኤንኤፍኤሉ አሪዞና 16ኛ አድርጎ መረጠው። ቀጥሎ 17ኛ ሆኖ በሲንሲናቲ የተመረጠው ሼማር ስቱዋርት ነው፤ እሱም የዚያው ክላስ ልጅ፣ ግን ኤ ኤንድ ኤም እስከ መጨረሻው የቆየ። ተሰጥኦው ነበረ ማለት ነው። ያልነበረው ነገር ልጆቹን አንድ ላይ የሚያቆይና የሚያሳድግ ቤት ነው። ኢቫን ስቱዋርት ወደ ኦሪገን፣ ኮነር ዋይግማን ወደ ሂውስተን፣ ኤልቲ ኦቨርተን ወደ አላባማ ሄደዋል። ነጥቡ የተሰጠው ለፈረሙት እንጂ ለሚቆዩት አይደለም።

ስለ ነጥቡ አሰላልም አንድ ነገር ልበል። ጠቅላላ ነጥብ የሚመጣው የየልጁ ነጥብ ተደምሮ ነው። ከፍተኛ ነጥብ ያላቸው ልጆች ብዙ ይቆጠርላቸዋል፤ የታችኞቹ ትንሽ ትንሽ ይጨምራሉ። ስለዚህ 28 ልጅ ያስፈረመ ኮሌጅ 17 ምርጥ ልጆች ካስፈረመው በላይ ሊቀመጥ ይችላል። ደረጃውን ስታይ አጠገቡ ያለውን የነፍስ ወከፍ አማካይም እይ። ብዙ ጊዜ ክርክሩ እዚያ ላይ ያልቃል።

«የዘንድሮ ክላስ የዘንድሮን ቡድን ያድናል»

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ይህ ነው፤ ልጆቹ ላይ ይፈርዳልና። የ18 ዓመት ልጅ የ22 ዓመት ጎልማሳ ፊት ቆሞ መጫወት አለበት። በተለይ ኦፌንሲቭ ላይን ላይ የሚሰለፉት፣ ኳስ ወርዋሪውን ኳርተርባክ የሚጠብቁት ግዙፎች ጊዜ ይፈልጋሉ። 120 ኪሎ ሆኖ የመጣ ልጅ በደንብ በልቶ፣ ብረት አንስቶ፣ እግሩን ማቀናጀት ተምሮ 140 ኪሎ እስኪሆን ሁለት ዓመት ሊፈጅ ይችላል። በ2018 አዲስ ገቢ እስከ አራት ጨዋታ ድረስ ተሰልፎም ዓመቱ ከመጫወቻ ዓመቶቹ ሳይቆጠርበት እንዲቆይ የተፈቀደው በከንቱ አይደለም።

የአላባማን የ2017 ክላስ ልንገራችሁ። ከዚያ አንድ ክላስ በድራፍት የመጀመሪያ ዙር የተመረጡት እነዚህ ናቸው፦ ቱዋ ታጎቫይሎዋ፣ ጄድሪክ ዊልስ፣ ሄንሪ ራግስ፣ ጄሪ ጁዲ፣ ዴቮንታ ስሚዝ፣ ማክ ጆንስ፣ አሌክስ ሌዘርዉድ፣ ናጄ ሃሪስ። ስምንት ሰው! አራቱ በ2020፣ አራቱ በ2021።

በመጀመሪያ ዓመታቸው ምን ሠሩ? አብዛኞቹ ተቀያሪ ወንበር ላይ ነበሩ። እርግጥ በጃንዋሪ 2018 ፍጻሜ ላይ ቱዋ ከዕረፍት መልስ ገብቶ በተጨማሪ ሰዓት ለስሚዝ የወረወረው ኳስ ጆርጂያን አሸንፏል። ለብዙ ሰው የቀረው ትዝታ ይኸው ነው። የማክ ጆንስን መንገድ ግን ተመልከቱ። የመጣው ባለ ሦስት ኮከብ ተብሎ ነው። ከፊቱ ጄለን ኸርትስና ቱዋ ነበሩ። ጠበቀ። በ2020 ቋሚ ሆኖ ዋንጫ አነሳ። ስሚዝም በዚያው ዓመት ለምርጡ የኮሌጅ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይስማን ሽልማት አገኘ፤ ፈርሞ በአራተኛ ዓመቱ ማለት ነው። በዚያው ክላስ ከሁሉም ቀድሞ ስሙ የገነነው ዲላን ሞሰስ ነበር፤ ስምንተኛ ክፍል እያለ ነው ኮሌጆች የተሻሙበት። ጉልበቱ ተጎዳ። በድራፍት ሳይመረጥ ቀረ። ይህን በ2017 የፊርማ ቀን ማን ሊያውቅ ይችል ነበር?

የ2017ን ክላስ በ2018 የመዘነ ሰው ጥሩ ነበር ይላል። በ2021 የመዘነው ግን ከታላላቆቹ አንዱ መሆኑን ያውቃል። እኔ ለማንኛውም ክላስ ሦስት ዓመት እሰጣለሁ።

«ብዙ ኮከብ እስካለ ድረስ ቦታው ለውጥ የለውም»

ለውጥ አለው። አራት ምርጥ ኳስ ተቀባዮች አስፈርሞ አንድም ታክል (ኳርተርባኩን ከዳር የሚጠብቅ) ያላገኘ ቡድን፣ ኳሱ ሳይወረወር ኳርተርባኩ መሬት ላይ ነው። ደረጃ አውጪዎቹ የቡድኑን ጉድለት አይቆጥሩም፤ ሥራቸውም አይደለም። አንተ ግን ቡድንህን ታውቃለህ። በሚቀጥለው ዓመት ማን እንደሚመረቅና ማን ወደ ድራፍት እንደሚሄድ ጻፍና ከአዲሶቹ ዝርዝር ጋር አስተያየው። አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

«ቃል ገብቷል፤ አለቀ»

አላለቀም። የቃል ስምምነት ማንንም አያስርም። ትራቪስ ሃንተር በ2022 ክላስ ከአገሩ አንደኛ የተባለ ልጅ ነበር፤ ለፍሎሪዳ ስቴት ቃል ሰጥቶ ቆይቶ በፊርማው ቀን ጃክሰን ስቴትን መረጠ። የ2025 አንደኛ የተባለው ኳርተርባክ ብራይስ አንደርዉድም ለኤልኤስዩ ቃል ሰጥቶ በኖቬምበር 2024 ወደ ሚሺጋን ዞረ። ከፊርማው ቀን ወራት ቀድሞ በሰመር የሚወጣ ደረጃ ላይ ተመሥርቶ መጨቃጨቅ ጉልበት መጨረስ ነው።

«ትራንስፈር ፖርታል ስላለ የሁለተኛ ደረጃ ልጆች ምልመላ ቀርቷል»

ፖርታሉ ተጫዋቾች ከኮሌጅ ወደ ኮሌጅ የሚዛወሩበት መዝገብ ነው። ምልመላ ቀርቷል የሚሉት ኢንዲያናን ይጠቅሳሉ። እውነትም ታሪኩ ያስገርማል። ኢንዲያና በ2023 ያሸነፈው 3 ጨዋታ ብቻ ነበር። ከርት ሲግኔቲ ከጄምስ ማዲሰን መጣ፤ ከዚያም ከአሥር በላይ ተጫዋቾቹን አስከትሎ መጣ። ኳርተርባኩን ፈርናንዶ ሜንዶዛን በኋላ ከካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በዝውውር አገኘው። ሜንዶዛ ሁለተኛ ደረጃ ሲጨርስ ትልልቆቹ አልፈለጉትም፤ መጀመሪያ ቃል የገባው እንዲያውም ለዬል ነበር። በ2025 ሃይስማንን ወሰደ። ኢንዲያና ኦሃዮ ስቴትን 13 ለ 10 አሸንፎ የሊጉን፣ የቢግ ቴንን ዋንጫ አነሳ፤ በጃንዋሪ 2026 ደግሞ ማያሚን 27 ለ 21 ረትቶ ሳይሸነፍ ብሔራዊ ሻምፒዮን ሆነ። የበድ ኤልየት መለኪያ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰበረው ያኔ ነው።

ግን ጠጋ ብለን እንየው። ኤደን ፊሸር፣ ኤላይጃ ሳራት፣ ሚካይል ካማራና ዲአንጄሎ ፖንድስ ከጄምስ ማዲሰን የመጡ ናቸው። ሲግኔቲ ኮከብ ያልታየላቸውን ልጆች እዚያ ሆኖ አሠልጥኗቸዋል። ማን ምን እንደሚችል በዓይኑ አይቷል። ፖርታሉ ያደረገው ነገር ቢኖር ይዟቸው እንዲሄድ ማስቻል ነው። ምልመላና ማሳደግ አልቀረም፤ የተሠራው ሌላ ኮሌጅ ውስጥ ነበር። በዚያ ላይ ፖርታሉ በሁለቱም በኩል የሚከፈት በር ነው። ስለዚህ ዛሬ ክላስ የሚመዝን ሰው ሦስት ዝርዝር ጎን ለጎን ማስቀመጥ አለበት፦ ከሁለተኛ ደረጃ የመጡ፣ በዝውውር የመጡ፣ ጥለው የሄዱ። ሦስተኛውን የሚያይ ሰው ጥቂት ነው።

«ኦፈር ከመጣ ስኮላርሺፑ ተገኘ»

ይህ ለወላጆች ነው። ኦፈር ኮሌጁ ለልጁ የሚያቀርበው የስኮላርሺፕ ግብዣ ነው። ዋሽንግተን፣ ሜሪላንድና ሰሜን ቨርጂኒያ የፉትቦል አገር ናቸው። ኬሌብ ዊልያምስ ከዋሽንግተኑ ጎንዛጋ፣ ቼስ ያንግ ከሜሪላንዱ ዴማታ የወጡ ናቸው። ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ የሚኖሩ የኛ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት በዚሁ አካባቢ ነው፤ የኮሌጅ አሠልጣኝ ስልክ ሲደውል ምን ማለት እንደሆነ የሚነግራቸው ግን ብዙም የለም።

ኮሌጆች ማስፈረም ከሚችሉት ልጅ በላይ ኦፈር ይበትናሉ። ስለዚህ አሠልጣኙን በግልጽ ጠይቁት፦ «ልጄ ዛሬ እሺ ቢል ትቀበሉታላችሁ? በሱ ቦታ ስንት ልጅ ትወስዳላችሁ? ከፖርታልስ?» ጨዋነት አይጎድልም፤ እነሱ የለመዱት ጥያቄ ነው።

ያለ ስኮላርሺፕ ገብቶ ቡድን ውስጥ ቦታ መታገልም ነበረ፤ አሁንም አለ። ስቴትሰን ቤኔት ጆርጂያ የገባው እንዲህ ነው፤ የ2021ንና የ2022ን ዋንጫ እየመራ አንስቷል። ግን መንገዱ ጠቧል። በጁን 2025 በጸደቀው የፍርድ ቤት ስምምነት መሠረት የ85 ስኮላርሺፕ ገደብ ቀርቶ፣ ስምምነቱን የተቀበለ ኮሌጅ በፉትቦል ቡድኑ ከ105 ሰው በላይ መያዝ አይችልም። ቀድሞ ብዙዎቹ ያለ ስኮላርሺፕ የሚገቡ ልጆችን ጨምረው ከዚያ በላይ ይይዙ ነበር።

ኮከብ የሌለው ነገር ግን ውጤቱ ጥሩ የሆነ ልጅ ደግሞ ሌላ በር አለው። እነ ዬልና ሃርቫርድ ያሉበት አይቪ ሊግ፣ እንዲሁም ዲቪዥን ስሪ የሚባሉት ኮሌጆች የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጡም። የገንዘብ ድጋፋቸው የሚታሰበው በቤተሰቡ ገቢ ነው፤ ከዲቪዥን ስሪዎቹ ብዙዎቹ በትምህርት ውጤትም ይሰጣሉ። አሠልጣኞቻቸው ግን እንደማንኛውም ይመለምላሉ፤ የሚፈልጉትን ልጅ ስም ለመግቢያ ክፍሉ ያቀርባሉ። እዚያ መጀመሪያ የሚታየው ትራንስክሪፕቱ፣ የትምህርት ውጤቱ መዝገብ ነው። ስለዚህ ልጁ አሥረኛ ክፍል ሲደርስ ከጨዋታው ቪዲዮ ጋር ትራንስክሪፕቱንም አብራችሁ ላኩ።