ኮርዶባን በሁለት ሰዓት? ስለ ከተማዋ በስህተት የሚባሉ ነገሮች

የስፔኗ ኮርዶባ ከማድሪድ በፈጣን ባቡር 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ገደማ ናት። ብዙ ሰው ወደ ሴቪያ ሲያልፍ ይወርዳል፣ ሁለት ሰዓት ዞር ዞር ብሎ ፎቶ ያነሳል፣ ሮጦ ባቡሩን ይይዛል። ይሄ በጣም ያናድደኛል። ሙሉ ቀን ስጧት! ስለ ከተማዋ ደጋግሜ የምሰማቸውን ነገሮችም እስቲ ላንሳ። ዓመቶቹና ወሮቹ በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ሰዓቶቹ ግን በእኛ ናቸው።

«ክርስቲያኖች ታላቁን መስጊድ አፍርሰው ቤተ ክርስቲያን ሠሩበት።»

አላፈረሱትም። ሙስሊሙ ገዢ አብዱራህማን ቀዳማዊ በ785 ገደማ ያስጀመረው፣ ተከታዮቹም ለ200 ዓመት እየጨመሩ ያሰፉት ሕንፃ አብዛኛው ዛሬም ቆሟል። ክርስቲያኑ ንጉሥ ፈርናንዶ 3ኛ በ1236 ከተማዋን ሲይዝ ካቴድራል ተደረገ። መሃሉን ቆርጦ ትልቁን ቤተ ክርስቲያን መሥራት የተጀመረው ግን በ1523 ነው፤ ያኔም የከተማው ምክር ቤት ራሱ ተቃውሞ ነበር።

ስትገቡ አትቸኩሉ። ከ850 በላይ ምሰሶዎች አሉ፣ እና በጥንቱ ክፍል ቀረብ ብላችሁ ስታዩ አንዱ ግራጫ ነው፣ ሌላው ቀላ ይላል፣ አናታቸው ላይ ያለው ቅርጽም አንዱ ካንዱ አይገጥምም፤ ምክንያቱም ከሮማውያንና ከእነሱ በኋላ ከገዙት ከቪዚጎቶች ሕንፃዎች ተነቅለው የመጡ ናቸው። አጫጭር ስለነበሩ ጣሪያውን ከፍ ለማድረግ ቅስት ላይ ሌላ ቅስት ደረቡበት። የቅስቶቹ ቀይና ነጭም እዚህ ቀለም አይደለም፣ ጡብና ድንጋይ ተፈራርቆ ነው። በመጨረሻ በሙስሊሙ ገዢ በአልመንሱር ጊዜ ወደተጨመረው ክፍል ስትሻገሩ ግን ቀለም ተቀብቶ ታገኙታላችሁ። ልዩነቱን በዓይናችሁ ፈልጉት።

«መግቢያው ሁልጊዜ በክፍያ ነው።»

ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 2:30 እስከ 3:30 በነፃ ይገባል። ያኔ ቡድን ይዞ የሚመጣ አስጎብኚ ስለሌለ ጸጥ ያለ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት ግን የዕለቱን ሰዓት አረጋግጡ።

«የመስጊዱ ግቢ ውስጥ ያለው ብርቱካን ይበላል።»

ሲያዩት ያስጎመጃል። ግን መራራ ነው፣ ለማርማላታ እንጂ እንዲሁ ልጦ ለመብላት አይሆንም።

«ሦስቱ ሃይማኖቶች ሁልጊዜ በፍቅር ይኖሩ ነበር።»

ጥሩ ጊዜ ነበር፣ እውነት ነው። ሙስሊሙ ፈላስፋ ኢብን ሩሽድ በ1126 እዚህ ተወለደ፤ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ እስራኤል ያላችሁ ወገኖቻችን ራምባም እያላችሁ የምትጠሩት አይሁዳዊው ፈላስፋ ሙሴ ቤን ማይሞን። ግን በ1148 ከሰሜን አፍሪካ የመጡት ሙስሊሞች፣ አልሞሃዶች፣ ከተማዋን ሲይዙ አይሁዶችንና ክርስቲያኖችን ወይ ስለሙ ወይ ውጡ አሏቸው። የራምባም ቤተሰብ ተሰደደ፣ እሱም ያረፈው ግብፅ ነው። በ1391 የአይሁዶቹን ሰፈር ክርስቲያኖች ወረሩት፣ በ1492 ደግሞ እምነታቸውን ያልቀየሩ አይሁዶች በሙሉ ከስፔን ተባረሩ። በ1315 የተሠራችው ትንሽዬ ምኩራብ ግን አሁንም አለች። ግድግዳዋ ላይ በጄሶ የተቀረጸው የዕብራይስጥ ጽሑፍ ይታያል። እኔ እዚያ ስቆም «በፍቅር ኖሩ» ብሎ ማለፍ ይከብደኛል።

«የሮማውያን ድልድይ የሮማውያን ነው።»

ቦታው አዎ። ድልድዩ ግን ባለፉት ዘመናት ደጋግሞ ስለታደሰ ከጥንቱ የቀረው ጥቂት ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ ግን ተሻገሩት።

«ስፔን ከሄድክ ፓኤያ ብላ።»

ፓኤያ የቫሌንሲያ ነው። ኮርዶባ ላይ ሳልሞሬሆ ጠይቁ፦ ቲማቲም፣ ዳቦ፣ ነጭ ሽንኩርትና የወይራ ዘይት አብሮ ተፈጭቶ ቀዝቅዞ የሚቀርብ፣ ወፈር ያለ። ከላዩ እንቁላልና የአሳማ ሥጋ ይነሰነስበታል፤ «ሲን ሃሞን፣ ሲን ዌቮ» ካላችሁ ያለ ሁለቱ ይመጣል፣ ያኔ ለጾመኛም ይሆናል። ምሳ ደግሞ በ6 ሰዓት አትፈልጉ። እነሱ የሚበሉት ከ8 ሰዓት በኋላ ነው።

«ለጉብኝት በጋቸው ይሻላል።»

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ መውጣቱ የተለመደ ነው። ልጅ ወይም ትልቅ ሰው ይዛችሁ አትሞክሩት። ሚያዝያ ወይም ጥቅምት ሂዱ።

«አበባ ያለባቸው ግቢዎች የሚታዩት በግንቦት ብቻ ነው።»

የግቢዎቹ ውድድር በግንቦት መጀመሪያ ነው፤ ያኔ ሰዎች የገዛ ቤታቸውን በር ለእንግዳ ይከፍታሉ። በሌላ ጊዜ የቪያና ቤተ መንግሥት አለላችሁ፣ ብቻውን 12 ግቢ አለው። የአበባ ማሰሮዎቹ ግድግዳው ላይ እስከ ላይ ድረስ ተሰቅለዋል። እጅ ስለማይደርስ ረጅም ሸምበቆ ጫፍ ላይ ጣሳ ያስሩና አንድ በአንድ ያጠጧቸዋል።