ከጅቡቲ እስከ ድሬዳዋ፦ የጭነትና የጉምሩክ ቃላት

ድሬዳዋ ጭነት የወለዳት ከተማ ናት። ከጅቡቲ የተነሳው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. እዚህ ሲደርስ ወደ ሐረር የሚያወጣው ዳገት ስለከበደ ጣቢያው ሜዳው ላይ ቀረ፤ ከተማውም በጣቢያው ዙሪያ ተቆረቆረ። ሐዲዱ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። ዛሬ በመርካቶም በድሬዳዋው መጋላም አስመጪው የሚናገራቸው ቃላት የዚህን መንገድ ታሪክ ይዘዋል። «ጉምሩክ» የቱርክ ቃል ነው፤ «ዲክላራሲዮን» (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) እና «ትራንዚተር» (ዕቃውን በጉምሩክ በኩል የሚያስጨርሰው ወኪል) ከፈረንሳይኛ፣ «ፍራንኮ ቫሉታ» ከጣሊያንኛ መጡ። ኤፍ.ኦ.ቢ. እና ሲ.አይ.ኤፍ. ደግሞ ከእንግሊዝኛ። ከአራት ቋንቋ የተለቀሙ ቢሆኑም አብዛኞቹ የሚመልሱት ጥያቄ አንድ ነው፦ ዕቃው እስከየት ድረስ በማን ኃላፊነት ነው፣ ከዚያ ወዲያስ ማን ይከፍላል?

የዋጋው ቃል

ኢንኮተርምስ የሚባሉትን የሽያጭ ቃላት የሚያወጣው ዓለም አቀፉ የንግድ ምክር ቤት ነው። በሥራ ላይ ያለው የ2020 (እ.ኤ.አ.) እትም 11 ቃላት አሉት፤ የእኛ አገር ነጋዴ በብዛት የሚጠቀመው ግን ሦስት ወይም አራቱን ብቻ ነው።

ኤፍ.ኦ.ቢ. ሲባል ሻጩ ዕቃውን በተጠቀሰው ወደብ መርከብ ላይ እስኪጭን ድረስ ያለው ወጪና ኃላፊነት የእርሱ ነው። ስለዚህ ከቃሉ ቀጥሎ የሚጻፈው የመጫኛው ወደብ ስም ነው። የሐረር ቡና «ኤፍ.ኦ.ቢ. ጅቡቲ» ተብሎ ሲሸጥ ከድሬዳዋ መጋዘን እስከ ጅቡቲ ያለው የባቡር ወይም የመኪና ኪራይ፣ የትራንዚተር ክፍያና የወደቡ ወጪ ሁሉ የላኪው ነው። አዲስ ላኪ በመጋዘኑ ዋጋ ላይ ትርፉን ብቻ ደምሮ ሲዋዋል፣ ኪሳራውን የሚያውቀው መርከቡ ከሄደ በኋላ ነው።

በሲ.አይ.ኤፍ. ሻጩ የመርከቡን ኪራይና መድኑን እስከ መድረሻው ወደብ ይከፍላል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ወጪው እስከ መድረሻ የሻጩ ቢሆንም የጉዳቱ ሥጋት ወደ ገዢው የሚዞረው ዕቃው መርከብ ላይ እንደተጫነ ነው። ዕቃው ባሕር ላይ ቢበላሽ ገዢው መድን ሰጪውን ይጠይቃል እንጂ ሻጩን አይከስም። ሲ.ኤፍ.አር. (ነጋዴው «ሲ ኤንድ ኤፍ» የሚለው) ያው ሆኖ መድኑ የወጣለት ነው። የኢትዮጵያ አስመጪ መድኑን ከአገር ውስጥ ኩባንያ ስለሚገዛ ይህኛው በእኛ ውሎች ላይ ይዘወተራል። ጉምሩክ ግን ቀረጥ ሲያሰላ በየትኛውም ቃል ተገዝቶ ቢሆን ኪራዩንና መድኑን ይደምራል፤ በኤፍ.ኦ.ቢ. ገዝቶ ቀረጡ የሚቀንስለት የለም።

ወረቀቶቹ

ኢንቮይስ ዋጋውን፣ ፓኪንግ ሊስት ጥቅሉንና ክብደቱን፣ የስሪት አገር ምስክር ወረቀት ዕቃው የት እንደተሠራ ይናገራሉ። የእነዚህ ሁሉ አለቃ ቢል ኦፍ ሎዲንግ ነው። ዕቃው ለመርከቡ መሰጠቱን የሚያሳይ ደረሰኝ፣ የማጓጓዣ ውሉ ማስረጃና የባለቤትነት ሰነድ፣ ሦስቱም በአንድ ወረቀት ላይ ናቸው። ብዙውን ጊዜ በሦስት ኦርጅናል ይወጣል። በኤል.ሲ. (ባንክ ሰነዶቹ ሲቀርቡለት ለሻጩ ሊከፍል በሚገባው ግዴታ) የተገዛ ከሆነ ተቀባይ ሆኖ የሚጻፈው «በባንኩ ትዕዛዝ» የሚል ነው፤ ባንኩ ከጀርባው ፈርሞ እስካላስተላለፈው ድረስ አስመጪው ዕቃውን መረከብ አይችልም። «ኖቲፋይ ፓርቲ» የሚለው ቦታ ላይ ስሙ የሰፈረ ሰው መርከቡ ሲደርስ የሚነገረው ነው፤ በዚያ ብቻ ባለመብት አይሆንም።

በአውሮፕላን ለሚላክ ዕቃ የሚሰጠው ኤር ዌይ ቢል የባለቤትነት ሰነድ አይደለም። ጭነቱ ከሰነዱ ቀድሞ ስለሚደርስ ኦርጅናል የሚጠበቅበት ጊዜ የለም፤ ተቀባይ ተብሎ የተጻፈው ሰው ማንነቱን አሳይቶ ይወስዳል። በባሕር ግን ኦርጅናሉ የግድ ይጠበቃል፤ ዕቃው ወደብ ላይ ተራግፎ ወረቀቱ ገና ባንክ ለባንክ ሲዞር ይገኛል።

በኤል.ሲ. ሥራ ባንኮች የሚያዩት ወረቀት እንጂ ዕቃ አይደለም። ሻጩ ሰነዶቹን ከተጫነበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ማቅረብ አለበት (ኤል.ሲ.ው ሌላ ቀን ካልወሰነ)፤ ባንኩም ለመመርመር እስከ 5 የባንክ የሥራ ቀን አለው። በኢንቮይሱና በኤል.ሲ.ው መካከል የዕቃው መጠሪያ ከተለያየ ሰነዱ «ዲስክሬፓንሲ» አለበት ይባላል፤ ክፍያው ይቆማል፣ ኮንቴይነሩም ወደብ ላይ ኪራይ ይቆጥራል። የኮንቴይነር ቁጥር 4 ፊደልና 7 አሃዝ ሲሆን የመጨረሻው አሃዝ ከፊተኞቹ በስሌት የሚገኝ ማረጋገጫ ነው። ቁጥሩ ሲገለበጥ ከተሳሳተ ስሌቱ ይፈርሳል፤ ስለዚህ ከቢል ኦፍ ሎዲንግ ላይ አሃዝ በአሃዝ ማስተያየት ያዋጣል።

ኮንቴይነርና ሰዓቱ

ባለ 20 ጫማው ወደ 33 ሜትር ኩብ፣ ባለ 40 ጫማው ወደ 67፣ ከፍ ያለው ባለ 40 ደግሞ ወደ 76 ሜትር ኩብ ይይዛል። ክብደት ላይ ግን እጥፍ የሚባል ነገር የለም። የሁለቱም የተለመደው ጣሪያ ከነኮንቴይነሩ 30,480 ኪሎ ነው። ስለዚህ ብረት፣ ሴራሚክና የማሽን መለዋወጫ የሚያስመጣ ሰው ባለ 40 ቢከራይ ግማሹ ባዶ ሆኖ ክብደቱ ይሞላበታል፤ ስፖንጅ፣ ልብስና የፕላስቲክ ዕቃ ለሚያስመጣ ደግሞ ባለ 40 ይሻላል። የራሱን የማይሞላ ሰው ከሌሎች ጋር በአንድ ኮንቴይነር ይጭናል። የሚከፍለውም በቶን ወይም በሜትር ኩብ፣ ከሁለቱ በበለጠው ነው።

የሐረር ቡና በ60 ኪሎ ጆንያ ሲጫን ባለ 20 ጫማው የተለመደውን 320 ጆንያ፣ ማለትም 19.2 ቶን ይይዛል። እዚህ ላይ ጠላቱ እርጥበት ነው። የቡናው እርጥበት ከ12 በመቶ ካለፈ፣ በሜዳው ሙቀት የጋለው ኮንቴይነር ባሕር ላይ ሲበርድ ጣሪያው ያልበዋል፤ ጠብታውም የላይኛውን ረድፍ ጆንያ ያሻግታል። ለዚህ ነው ጥንቁቅ ላኪ ውስጡን በካርቶን ወረቀት የሚያለብሰውና እርጥበት የሚመጥ ከረጢት የሚሰቅለው። ወለሉንና በሩን ከጭነት በፊት በባትሪ ማየትም ግድ ነው፤ ውስጥ ሆኖ በሩ ሲዘጋ ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ውኃም ያስገባል።

ነጋዴው «ዲሜሬጅ» ብሎ በአንድ ስም የሚጠራው ቅጣት በእውነቱ ለየብቻ የሚቆጠር ሦስት ክፍያ ነው። የመጀመሪያው የወደቡ የማከማቻ ኪራይ ነው። ሁለተኛው ሙሉ ኮንቴይነር ከነፃው ቀን በላይ ወደብ ውስጥ ሲቆይ የመርከብ ድርጅቱ የሚያስከፍለው ዲሜሬጅ ነው። ሦስተኛው ከወደብ ወጥቶ ባዶው ሳይመለስ ሲዘገይ የሚመጣው ዲቴንሽን ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአንድ ላይ ሊቆጥሩ ይችላሉ፤ ደረሰኙ ሲመጣ የትኛው ከማን እንደሆነ መለየት የአስመጪው ሥራ ነው።

ከወደብ ወደ ውስጥ

ዩኒሞዳል በሚባለው አሠራር የመርከቡ ውል ጅቡቲ ላይ ያበቃል፤ አስመጪው በትራንዚተሩ አማካይነት ዕቃውን አውጥቶ በትራንዚት ሰነድ ወደ ኢትዮጵያ ያስገባል። በመልቲሞዳል ደግሞ አንድ ቢል ኦፍ ሎዲንግ ከመጫኛው አገር እስከ ውስጥ ደረቅ ወደብ ይሠራል፤ አጓጓዡም በመካከል ላለው መንገድ ሁሉ ተጠያቂ ነው። በባቡር የሚመጣው በደወሌ፣ በመኪና ወደ መሀል አገር የሚሄደው በብዛት በጋላፊ ይገባል። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ጀምሯል፤ መስመሩም በድሬዳዋ በኩል ያልፋል።

በመልቲሞዳል ውል ላይ የመጨረሻ መድረሻው በጥንቃቄ መጻፍ አለበት። ሞጆ ተብሎ የተጻፈ ዕቃ ባለቤቱ ድሬዳዋ ቢሆንም ከተማዋን አልፎ ሞጆ ይወርዳል፤ ለመመለስ ሌላ ኪራይ ነው። የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠና ደግሞ ሌላ ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የተመረቀ ሲሆን፣ ወደዚያ የገባ ዕቃ ለቀረጥ ሲባል ከአገር ውጪ እንዳለ ይቆጠራል፤ ቀረጡ የሚመጣው ከቀጠናው ወደ ገበያ ሲወጣ ነው።

ጉምሩክ ፊት

ዲክላራሲዮን ላይ መጀመሪያ የሚወሰነው የታሪፍ ቁጥሩ ነው። የመጀመሪያዎቹ 6 አሃዞች ዓለም አቀፍ ናቸው፤ የኢትዮጵያ መጽሐፍ ወደ 8 ያሳድጋቸዋል። ያልተቆላ ቡና 0901.11፣ የተቆላው 0901.21 ነው፤ ሁለቱም ካፌይን ያልወጣለት። መቆላቱ ብቻ ቁጥሩን ይለውጣል። ለዚህ ነው ኢንቮይስ ላይ «ስፔር ፓርት» ብሎ መጻፍ ችግር የሚጠራው። ዕቃው ከምን እንደተሠራ፣ ለየትኛው ማሽን እንደሆነና ሞዴሉ ካልተጻፈ መዳቢው ሠራተኛ የራሱን ግምት ይይዛል።

ሒሳቡ ከላይ ወደ ታች ይከማቻል። የጉምሩክ ዋጋው 1,000,000 ብር፣ ቀረጡ 20 በመቶ የሆነ፣ ኤክሳይዝ የሌለበት ዕቃ እንውሰድ። ቀረጡ 200,000 ነው። ተጨማሪ እሴት ታክስ 15 በመቶ በ1,200,000 ላይ ይሰላል፤ 180,000። ሱር ታክስ 10 በመቶ ደግሞ በ1,380,000 ላይ፤ 138,000። ቅድመ ግብሩ በጉምሩክ ዋጋው 3 በመቶ፤ 30,000። እስካሁን 548,000 ሆነ። ማኅበራዊ ልማት ቀረጥ የሚባለው 3 በመቶ ሲጨመር ወደ 578,000 ይደርሳል። «ቀረጡ 20 በመቶ ነው» የተባለ አስመጪ በዚያ አስቦ ገንዘብ ካዘጋጀ ዕቃው መጋዘን ውስጥ ይታሰርበታል።

ዲክላራሲዮኑ ከተመዘገበ በኋላ መስመር ይወጣለታል። አረንጓዴ ከሆነ ሳይፈተሽ ይለቀቃል፣ ቢጫ ከሆነ ሰነዱ ይታያል፣ ቀይ ከሆነ ኮንቴይነሩ ተከፍቶ ዕቃው ይፈተሻል። አረንጓዴ መውጣት የመጨረሻ ፍርድ አይደለም፤ ጉምሩክ ዕቃው ከወጣ በኋላም መዝገብ አስቀርቦ ልዩነት ሊጠይቅ ይችላል።

ፍራንኮ ቫሉታ ብዙ ጊዜ «ከቀረጥ ነፃ» ተደርጎ ይወራል። ትርጉሙ ግን ከአገር ውስጥ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ሳይጠየቅ የገባ ዕቃ ማለት ነው፤ ቀረጡ እንዳለ ነው። ድሬዳዋ ባለው ታይዋን በተባለው ገበያ ቴሌቪዥን ገዝቶ በአውቶቡስ ወደ መሀል አገር የሚሄድ መንገደኛም ከጉምሩክ ቃላት አያመልጥም። ኬላ ላይ የሚጠየቀው የሻጩ ደረሰኝ ነው፤ በነጭ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ዋጋ ደረሰኝ ተብሎ አይቆጠርለትም።