«አንተ እያለህ ዋይፋይ ይጠፋል?»፦ ስለ ተማሪ መሪዎች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

የተማሪዎች ህብረት ፕሬዚዳንት ሆኜ በተመረጥኩ በሁለተኛው ቀን፣ ገና ፊቴን ሳልታጠብ በሬ ተንኳኳ። የማላውቀው ልጅ ነው። «ዋይፋይ ወፍ የለም» አለኝ። ምን ላድርግልህ በሚል ዓይን ሳየው፣ «አንተ እያለህ ዋይፋይ ይጠፋል?» ብሎ ተቆጣኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ ሰማሁ። ግማሹን እኔም ከመመረጤ በፊት አምነው ነበር። የማስታውሳቸውን እነሆ።

«ፕሬዚዳንት ከሆነ ማዘዝ ይችላል»

አይችልም። የህብረቱ መሪ ስብሰባ ላይ ወንበር አለው፣ ቁልፍ ግን የለውም። በጀት የሚያጸድቀው፣ ጥበቃ የሚቀጥረው፣ የፈተና ቀን የሚያወጣው ሌላ ሰው ነው። በትልቁ ስብሰባ ላይ ድምፅ ቢሰጠው እንኳ፣ ያቺ አንድ ድምፁ በመምህራንና በኃላፊዎች ድምፅ መሃል ትጠፋለች።

ታዲያ ምን ይዞ ይሟገታል? መረጃ። ይህን የተማርኩት አፍሬ ነው። ተማሪው በፈተና ሰሞን ቤተ መጻሕፍቱ እስከ እኩለ ሌሊት እንዲከፈት ፈለገ። ፊርማ አሰባሰብን። ወረቀቱ ወፍራም ነበር። ደረቴን ነፍቼ ገባሁ። ኃላፊዋ ፊርማውን ገለጥ ገለጥ አደረጉና፣ «ጥሩ ነው። ለጥበቃዎቹ የትርፍ ሰዓት ስንት ይሆናል? ማታ የሚዘጋውስ ማን ነው?» አሉኝ። የምለው ጠፋኝ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ወጣሁ።

በሁለተኛው ጊዜ ፊርማ አልያዝንም። ሁለት ሳምንት ሙሉ በመዝጊያ ሰዓት በሩ ላይ ቆመን የሚወጣውን ተማሪ ቆጠርን። ጥበቃዎቹ ፈረቃ የሚቀያየሩት ስንት ሰዓት እንደሆነ ራሳቸውን ጠየቅን። ከዚያ ጥያቄያችንን አሳነስን። ሁሉም ፎቅ ይቅር፣ አንዱ ብቻ ይከፈት፤ ያውም ከፈተና በፊት ላሉት ሁለት ሳምንታት። ተፈቀደ። ተማሪው ምን አለ? «ቤተ መጻሕፍቱ ሰዓት ጨምሯል፣ ሰማችሁ?» በቃ። የኛን ስም ያነሳ የለም። ቅር ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም።

በነገራችን ላይ ተማሪ የምር የሚያዝበት ዘመን ነበር። በመካከለኛው ዘመን በጣሊያኗ ቦሎኛ ተማሪዎች በማኅበር ተደራጅተው ከመካከላቸው ሬክተር የሚባል አለቃ ይመርጡ ነበር። መምህራኑ ለዚህ ሬክተር እንደሚታዘዙ ይምላሉ። አርፍዶ ያስተማረ ይቀጣል። ከከተማ ለመውጣት እንኳ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ምስጢሩ ግልጽ ነው፤ ለመምህሩ የሚከፍሉት ተማሪዎቹ ነበሩ። በኋላ ከተማዋ ራሷ ደመወዙን መክፈል ስትጀምር ያ ጉልበት እየሳሳ ሄደ።

«ቢሮ ገብቶ በሳቅ የወጣ ተሸጧል»

ከሁሉም የሚያመው ይሄ ነው። በር ተዘግቶ ሁለት ሰዓት ትከራከራለህ። ስትወጣ ግን ተጨባብጠህ፣ ፈገግ ብለህ ነው፤ ነገም የምትመለሰው እዚያው ሰውዬ ጋር ነዋ። ውጪ የቆመው የሚያየው ፈገግታህን ነው። ደግሞ የማይነገር ነገር አለ። የዲሲፕሊን ጉዳይ ሲታይ ተማሪን ወክለህ ከተቀመጥክ የሰማኸውን በሆድህ ይዘህ ትወጣለህ። የልጁ ጓደኞች «ለምን አልተከላከልክለትም?» ይሉሃል። እንዴት እንደተከላከልክለት መናገር አትችልም።

ግን ጥርጣሬው ሁሌ ባዶ አይደለም። በትንሽ ነገር የሚለሳለስ ተመራጭ አለ፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ስለዚህ «እመኑኝ» ማለት አይበቃም፤ ደንብ ያስፈልጋል። ብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣችው የትምህርት ሕግ ይህን ይነካል። የህብረቱ ዋና ዋና መሪዎች በሚስጥር ድምፅ እንዲመረጡ፣ የሒሳብ ሪፖርትም ቢያንስ በየዓመቱ ይፋ እንዲሆን ይላል። ደመወዝ ያለውን የተመራጭነት ቦታ ደግሞ አንድ ሰው በድምሩ ከሁለት ዓመት በላይ መያዝ የለበትም። እኛ እንዲህ ያለ ሕግ ስላልነበረን የየስብሰባውን ውሳኔ በማግስቱ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ ጀመርን። ሐሜቱ አልጠፋም። ግን ቀነሰ።

«ጥቅም ባይኖረው አይወዳደርም»

ብሪታንያ ውስጥ ትምህርታቸውን ለአንድ ዓመት ገታ አድርገው በደመወዝ የሚያገለግሉ ተመራጮች አሉ። በብዙ ቦታ ግን ስራው በነጻ ነው። እኔ ያተረፍኩት አንድ የምስክር ወረቀትና በስሜ የሚጠራኝ የበር ጥበቃ ነው።

«ምላስ ካለህ ይበቃል»

ምርጫውና ስራው አይገናኙም። ቅስቀሳ ላይ የሚያሸንፈው ማይክ ነው። ከዚያ በኋላ የሚያሸንፈው ቃለ ጉባኤ ነው። የኛ ጸሐፊ ስብሰባ ላይ ድምጿ የማይሰማ ልጅ ነበረች። እንዴት እንደተመረጠች ራሱ ይገርመኝ ነበር። አንድ ቀን አንድ ኃላፊ «እኛ እንዲህ ያለ ቃል አልገባንም» ብለው ድርቅ አሉ። እኔ ልቆጣ ስነሳ እሷ ደብተሯን ገለጠች። ቀኑን፣ የነበሩትን ሰዎች፣ ከዚያ ሰውየው ያሉትን ቃል በቃል አነበበችላቸው። በዚያችው ቀስ ያለች ድምጿ። ሰውየው ትንሽ ዝም ብለው፣ «እንግዲያው እናየዋለን» አሉ። እኔ ሌሊቱን የተዘጋጀሁበት ንግግር ኪሴ ውስጥ ቀረ።

«ተመራጭ ከሆንክ ትምህርትህን እርሳው»

የግድ አይደለም። የኔ ውጤት አንድ ሴሚስተር ወርዷል፣ ጥፋቱ ግን የስብሰባ አልነበረም። ስብሰባ ሰዓት አለው። የጎዳኝ የተቆራረጠው ጊዜ ነው። አስር ደቂቃ ታነባለህ፣ ስልክ ይጮኻል። ተመልሰህ ትቀመጣለህ፣ በር ይንኳኳል። በኋላ ማታ ማታ ሁለት ሰዓት ያህል ስልኬን መዝጋት ጀመርኩ። ሰማይ አልተደፋም።

«የተማሪ ችግር ሁሉ የህብረቱ ነው»

የዶርም ምደባ ልትጠይቅ የመጣች ተማሪ ነበረች። ጥያቄዋን ጨርሳም አልሄደችም። ቆይታ ቆይታ፣ መኖር እንደሰለቻት ነገረችኝ። ስለ ዶርም መልስ ነበረኝ። ለዚህ አልነበረኝም። ምክር ለመስጠት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። አብሬያት ወደ ክሊኒኩ ሄድኩ፣ የስነ ልቦና ባለሙያዋ እስክትመጣም አብሬያት ተቀመጥኩ። መመረጥ ሐኪም አያደርግም። ማን ጋር እንደሚኬድና ማታ የትኛው በር ክፍት እንደሆነ ማወቅ ግን የተመራጭ ስራ ነው። እኔ ያን ማታ ያወቅኩት በአጋጣሚ ነበር።

«መርጦናል፣ ስለዚህ ተማሪው ከኋላችን ነው»

ይሄኛው የኛ የተመራጮቹ ስህተት ነው። የመጀመሪያውን ጠቅላላ ጉባኤ ስንጠራ አዳራሹን በወንበር ሞላነው። የተያዙት የፊት ሁለት ረድፎች ብቻ ነበሩ። አንዱ ረድፍ እኛው ነን። ምልዓተ ጉባኤ የሚባል ነገር ወፍ የለም።

አባልነት እንዴት እንደሚገኝም ለውጥ ያመጣል። በፊንላንድ ዩኒቨርሲቲዎች የመጀመሪያና የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ በሕግ የህብረት አባል ነው። በስዊድን ይህ ግዴታ እ.ኤ.አ. በ2010 ቀረ። አውስትራሊያም የግዴታ የህብረት ክፍያን እ.ኤ.አ. በ2005 በወጣ ሕግ አስቀርታ ነበር። አባልነት በግዴታ ሲሆን ስምህን ሰምቶ የማያውቅ ተማሪን ትወክላለህ። በፈቃድ ሲሆን ደግሞ አባል ስታሳድድ ጊዜህ ያልቃል። የኛ በግዴታ ነበር፣ ስለዚህ ሰው የሚመጣልን መሰለን። ሁለተኛውን ጉባኤ አልጠራንም። በክፍል ዕረፍት፣ አምስት አምስት ደቂቃ፣ ተማሪው ያለበት ሄድን።

«የጀመሩትን ጨርሰው ይወርዳሉ»

አንድ ዓመት አጭር ነው። ለመልመድ ሦስት ወር ይሄዳል፣ የመጨረሻዋን ወር ምርጫ ይወስዳታል። እኔ ስረከብ የተሰጠኝ አንድ ቁልፍና ቀለሙ የደረቀ ማኅተም ነበር። ከኔ በፊት የነበሩት ምን እንደጠየቁ፣ ምን እንደተመለሰላቸው የሚል አንድ ወረቀት አልነበረም። ሁሉን ከዜሮ ጀመርን። ስለዚህ ስወርድ ያላለቁትን አስራ አንድ ጉዳዮች ጽፌ ሰጠሁ። ከየጉዳዩ ጎን የትኛው ቢሮ እንደያዘውና ምን እንዳሉን አስፈርኩ። በሁለቱ ጎን «ይህ አይሆንም፣ ጊዜ አታባክኑ» ብዬ ጻፍኩ።

የተካችኝ ልጅ ሴሚስተሩ ሳያልቅ ሦስቱን ጨረሰች። ከሦስቱ ሁለቱ፣ አይሆኑም ያልኳቸው ነበሩ።